ወሎን ለማየት መጀመሪያ ቀን ምረጡ

ወሎን ማየት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ጥያቄውን የሚጀምረው ከቦታ ነው። «ላሊበላ ስንት ቀን ይበቃል? ሐይቅ ማደሪያ አለው? ባቲ ይርቃል?» ይላል። እኔ ደግሞ «መቼ ነው የምትነሳው?» ብዬ እመልስለታለሁ። ባቲን ሐሙስ የሄደባት ሰው የሚያገኘው ሙቀትና ጭር ያለ ሜዳ ነው። ግሸን ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ያለች አምባ ናት፤ መስከረም 21 ላይ ግን እግር ማሳረፊያ አይገኝባትም። ላሊበላም በገና ሌሊትና በግንቦት ተራ ማክሰኞ የምትታየው በአንድ ዓይን አይደለም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የማስኬደው በቀን ነው፤ ቦታው ቀኑን ተከትሎ ይመጣል።

አንደኛ፦ ቀኑን መያዝ

ወሎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀን አለ፤ የገበያ ቀንና የበዓል ቀን። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ በገበያ ቀን ሂዱ። ሦስት ገበያዎችን ብቻ አስታውሱ፦ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ ቅዳሜ ላሊበላ። ሰንበቴ በአስተዳደር የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ናት፤ ግን መንገድ ላይ ስለሆነች፣ ገበያዋም የባቲ ታናሽ እህት ስለሆነ ከወሎ ጉዞ አልነጥላትም። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ከቅዳሜ እስከ እሑድ የሚሄድ መንገድ ይወጣል፦

ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ማደር። እሑድ ጠዋት ሰንበቴ፣ ማታ ኮምቦልቻ። ሰኞ ባቲ ደርሶ መልስ፣ ማታ ደሴ። ማክሰኞ ሐይቅ። ረቡዕ ጠዋት ደሴ ከተማ፣ ከሰዓት ወደ ወልዲያ። ሐሙስ ላሊበላ መግባት። ዓርብ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ ቅዳሜ ገበያውንና ዙሪያውን ማየት። እሑድ ቅዳሴ።

ሐይቅን ማክሰኞ ላይ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ረቡዕ ከሄዳችሁ ጾም ነውና ዓሣው ሊያመልጣችሁ ይችላል። «ዓሣ ያስገድፋል፣ አያስገድፍም» የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ፤ እዚህ ውስጥ አልገባም። ከጾመኛ ጋር የምትጓዙ ከሆነ ግን ማክሰኞ ሁሉንም ያስታርቃል።

የበዓል ቀን ለሚመርጥ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ግሸን ማርያም መስከረም 21። ገና በላሊበላ ታኅሣሥ 29፤ ቀኑ በአካባቢው የንጉሥ ላሊበላም ልደት ተደርጎ ይከበራል። በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል ታኅሣሥ 28 ላይ ስለሚውል ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዘመኑን ወንጌላዊ ጠይቁ፤ በዚህች አንድ ቀን ልዩነት በዓሉ ሊያመልጥ ይችላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ነሐሴ 16 ላይ ደግሞ የልጃገረዶቹ በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እየተባለ ይከበራል፤ ለዓይንም ለጆሮም ከሁሉ የደመቀው እሱ ነው። ችግሩ ክረምት መሆኑ ነው። ገደሉ ይንሸራተታል፣ ጥርጊያው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ የሦስት ሰዓት ጉዞ ቀኑን ይበላል። ነሐሴን የምትመርጡ ሰዎች ሁለት ትርፍ ቀን ይኑራችሁ።

መውሊድ በሂጅራ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። በደቡብ ወሎ ያለው ጀማ ንጉሥ በመውሊድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ሕዝብ የሚጎርፍበት፣ ሌሊቱ በመንዙማ የሚነጋበት ቦታ ነው። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ብቻውን ዘሎ አይሂድ፤ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ቤተሰቡ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጎ አብሮ ይሂድ። እዚያ የሚስተናገደው እንግዳ ነው፤ ተመልካች የሚባል ነገር የለም። ሐድራ (የዱዓ ጉባኤ) ላይ ተቀምጦ ዱዓ ሲደረግ እጁን ዘርግቶ «አሚን» የሚል ሰው ክርስቲያን ይሁን እስላም ማንም አይጠይቀውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነና ምረጥልን ካላችሁኝ፣ ጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ። ዝናቡ ቆሟል፣ ደጋው አረንጓዴ ነው፣ ማሽላው ቆላ ላይ ቆሟል፣ የገና ሕዝብ ገና አልመጣም። በዚሁ ወቅት ግን ወባ በከሚሴ፣ በባቲና በቆቦ በኩል ትበረታለች። አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፤ ከሌለ የሚቀባ መከላከያ ያዙ።

ሁለተኛ፦ መንገዱን መጠየቅ

ይህን ሳትጨርሱ ምንም ነገር አትክፈሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ በድንገት የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት፣ ደግሞም በዋዜማው ሦስት ሰው ጠይቁ፦ የምታርፉበትን ሆቴል፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር፣ እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ። ሆቴሉ እንግዳ ስለሚፈልግ ነገሩን ሊያቀልል ይችላል፤ ዘመድ ስለሚፈራላችሁ ሊያከብድ ይችላል። ሹፌሩ ግን መኪናውን ይዞ የሚገባ ሰው ነውና እኔ የሱን ቃል ነው የምይዘው። ሦስቱ ካልተስማሙ ቆዩ። ውጭ አገር የምትኖሩም ፓስፖርታችሁን የሰጣችሁ አገር የሚያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ በዚያ ላይ ሊመሠረት ይችላል።

ማታ አትጓዙ። ኬላ ላይ መታወቂያ በእጅ፣ ስልክ በኪስ ይሁን። የኬላ ፎቶ በምንም ምክንያት አይነሳም።

አውሮፕላን ለሚመርጥ ሁለት ማረፊያ አለ፦ አንዱ ኮምቦልቻ ሲሆን ደሴንና ባቲን ያገለግላል፤ ሌላው ላሊበላ፣ ሹምሸሃ ላይ ነው፤ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሦስተኛ፦ ጓዝ

ነጠላ፣ ለሴትም ለወንድም። ለሴቶች ራስን በደንብ የሚሸፍን ሻሽ ወይም ሻርፕ፤ መስጊድ ግቢም ያስፈልጋል፣ ገዳም ደጅም ያስፈልጋል። ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፤ ላሊበላ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ ያህል ታወልቃላችሁና ረጅም ክር ያለው ቡትስ ያሰለቻል። ወፍራም ካልሲ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የተነጠፈው ምንጣፍ ቁንጫ አለው፣ ማፈር አያስፈልግም፣ ሁሉም ይነከሳል። ጋቢ፤ ደሴም ላሊበላም ከ2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸውና ሌሊቱ ይበርዳል። የእጅ ባትሪ። ጥሬ ብር፤ ቴሌብር ከተማ ውስጥ ይሠራል፣ ኔትወርክ በሌለበት ግን ዳቦም አይገዛም። በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ ማደያ ባገኛችሁ ቁጥር ሙሉ፤ «ወልዲያ እሞላለሁ» ማለት ሰልፍ ማየት ነው። ቢጫ ካርድ ያላችሁ ዲያስፖራዎች አትርሱት፤ የመግቢያ ዋጋው ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ በጣም ይለያያል።

አራተኛ፦ ቁልቁል ወደ ሰንበቴ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ስትወጡ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ላይ ይጥላችኋል። ጭጋግ ካለ ሹፌሩን አታናግሩ። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ይጀምራል።

እሑድ ሰንበቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መድረስ ይበቃል፤ ገበያተኛው ከሩቅ ስለሚመጣ ቀድሞ አይሞላም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል።

ከዚያ ከሚሴ ላይ ጊዜ ካላችሁ ሾንኬን ጠይቁ። በዳዋ ጨፌ ወረዳ ተራራ ላይ ያለች የአርጎቦች መንደር ናት፤ ቤቶቿ በድንጋይ የተካቡ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ፣ ትውልድ ያሳለፉ ናቸው። የመጨረሻው ክፍል በእግር የሚወጣ ዳገት ነው። ከከሚሴ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ መንደሯ ሰው የሚኖርባት ስለሆነች በየበሩ ካሜራ ማስገባት ነውር ነው። ወሎን አይቻለሁ ከሚል አሥር ሰው ዘጠኙ ይህችን አያውቃትም፤ እኔ ቢቸግር ደሴ ላይ የማጠፋውን ግማሽ ቀን ለሷ እሰጣለሁ።

ማታ ኮምቦልቻ እደሩ። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ግን ለነገው ባቲ የሚታጠፈው መንገድ ከኮምቦልቻ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ በማግሥቱ መልሶ መውረድ ምን ይጠቅማል?

አምስተኛ፦ ሰኞ ባቲ

ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሶቹ ይጨናነቃሉ፤ መናኸሪያ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካልደረሳችሁ ትርፍ ሆናችሁ ትሄዳላችሁ። ገበያው ሞቅ የሚለው ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ነው። ከዚያ በኋላ አፋሮቹ ረጅም መንገድ ስላለባቸው ግመላቸውን እያስነሱ ይሄዳሉ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ከብቱ ወዳለበት፣ በተለይ ወደ ግመል ተራ ሂዱ፤ እሱ ነው ቀድሞ የሚበተነው። በግመል መሃል ስትሄዱ ከኋላ አትጠጉ፤ ሲቆጣ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ያኔ ዞር በሉ። ቀጥሎ ፍየል ተራ፣ ከዚያ እህሉ፣ ጨርቁ፣ ቅመሙ። ደላላው የሚጮኸው ለእናንተ አይደለም። የገዢና የሻጭ ንግግር ሲሞቅ መሃል ገብቶ ፎቶ ማንሳት ዋጋ ያበላሻል፤ ሰውም ያስቆጣል።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ ካሜራ። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላችሁ፣ እንዴት አደራችሁ ብላችሁ፣ ጤናውን ከብቱን ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ስልካችሁን አሳይታችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው ይፈቅዳል። ጊሌውን (ጩቤውን) የታጠቀ አፋር ከሩቅ በካሜራ ማነጣጠር ግን እንደ ድፍረት ነው የሚታየው፤ እውነቱን ለመናገር ድፍረትም ነው። የማይፈቅድ ካለ «አብሽር» ብላችሁ እለፉ። ይህች ቃል በወሎ ብዙ ትሠራለች፤ ይቅርታም፣ አይዞህም፣ ግድ የለምም ትሆናለች።

ከተማዋ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማሉ። የባቲ ቅኝት በዚህች ከተማ ስም ነው የሚጠራው፤ ትንሽ ቆይታችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ በአምባሰል ወረዳ ታልፋላችሁ። የአገሩ ሙዚቃ ከሚቆምባቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱን በሁለት ቀን መንገድ ላይ አለፍኩ ለማለት ወሎ ብቻ ነው የሚመቸው።

ምሳ ላይ ሥጋ ቤቱን በደንብ እዩ። በወሎ ከተሞች የክርስቲያን ሥጋ ቤት መስቀል፣ የእስላም ሥጋ ቤት ጨረቃ ይለጠፍበታል፤ ሰው አብሮ ይኖራል፣ ይጋባል፣ ይዛመዳል፣ ሥጋውን ግን ለይቶ ይበላል። ከተቀላቀለ ቡድን ጋር ከሆናችሁ በያይነት ማዘዝ ነገሩን ሁሉ ይገላግላል። ሰው ቤት ከተጋበዛችሁ አስተናጋጁ ራሱ ያውቅበታል፤ ለሁለቱም የሚሆነውን ያቀርባል። ቡና ከተፈላ ደግሞ ከአቦል ተነስቶ መሄድ አይሆንም። በረካ ድረስ ጊዜ ይኑራችሁ።

ስድስተኛ፦ ደሴና ሐይቅ

ደሴ ላይ ብዙ አልቆይም። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች፣ የምትበርድ፣ ንግድ የሚበዛባት ናት። ስሟን ያወጡላት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው ይባላል፤ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ነው። ዋና ከተማ ያደረጓት ግን የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ረቡዕ ጠዋት መርሆ ግቢና አይጠየፍን እዩ፤ አይጠየፍ ንጉሡ ግብር የሚያበሉበት፣ ሀብታምና ድሃ ሳይለይ የሚገባበት አዳራሽ ነው። የደሴ ሙዚየም ያለው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ምን ክፍት እንደሆነ ጠይቁ። ጠዋት ፉል ብሉ። ጤናችሁ ከፈቀደ ጦሳን ውጡ፤ ከላይ ከተማዋ ከነመንገዷ ትታያለች።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማው አስፋልቱ ላይ ነው፣ ውኃው ትንሽ ገባ ይላል፤ ባጃጅ አለ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ወደ ውኃው በገባ መሬት ላይ ነው፤ ጥንት ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ እዚህ ትምህርት ቤት ከፍተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎችን አስተምረዋል። ከአፄ ይኩኖ አምላክ መንገሥ ጋር የአባ ኢየሱስ ሞአ ስም አብሮ ይነሳል። አባ ኢየሱስ ሞአ ያስጻፉት ወንጌል የዚያው መቶ ዘመን ነው፤ በአገራችን ካሉ የቆዩ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው።

እዚህ ሥርዓቱን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ሆናችሁ ከመጣችሁ በሩ ላይ ተከራክራችሁ ቀኑን አታበላሹት። ሴቶቹ በሴቶች ገዳም በኩል ወይም በውኃው ዳር ይቆዩ፤ ወንዶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ። ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችለው ሐይቁ ነው፤ ሰውም የሚመጣው ለእሱ ነው። መነኩሴ ስታገኙ «አባ» በሉ፣ መስቀል ለመሳለም ከፈለጋችሁ «አባታችን ይባርኩኝ» ብላችሁ ጎንበስ በሉ። የድሮ መጽሐፍ አውጡልን ብሎ መነዝነዝ አይገባም። ካወጡላችሁ በእጃችሁ አትንኩ፣ በፍላሽ አታንሱ።

ምሳ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ይዘዙ። ከዚያ ጊዜ የተረፈው ወደ አርድቦ ይዝለቅ። ከሐይቅ ከፍ ብላ ያለች፣ ሰው የማይበዛባት ሁለተኛዋ ሐይቅ ናት፤ ትርፏ ወደ ሐይቅ ይወርዳል።

ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ውሉ የተፈረመው በዚህ አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነው፤ ጠቡ አድዋ ድረስ ሄዷል። መርሳ ላይ ቆማችሁ ፍራፍሬ ግዙ።

ግሸንና መቅደላ፦ ለብቻ የሚያዙ

እነዚህን ሁለቱን ከላይ ባለው የዘጠኝ ቀን መንገድ ውስጥ አታስገቧቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጉዞ ናቸው።

ግሸን በአምባሰል ያለች፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋች አምባ ናት። ድሮ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባት ነበረች። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንዳረፈባት ይታመናል፤ መስከረም 21 የሚከበረውም ለዚህ ነው። ለዚያን ቀን የምትሄዱ ከሆነ በማኅበር ሂዱ፤ ከደሴም ከአዲስ አበባም መኪና የሚያዘጋጁ የጉዞ ማኅበራት አሉ። ቢያንስ በ19 ደሴ ግቡ። ወሩ ገና እርጥብ ነውና መንገዱ ይጨቀያል፣ መኪና ይሰለፋል፣ ዳገቱን ብዙ ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው። ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይበቃል፤ ውኃ ግን ከታች ይዛችሁ ውጡ። አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ በበዓሉ ቀን አትውሰዱ። በጥቅምት ወይም በጥር ብትወስዷቸው እግዚአብሔር አብና ማርያምን በሰላም ተሳልመው ይመለሳሉ፤ በረከቱም አይቀንስም።

መቅደላ ለታሪክ ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱበት አምባ ላይ ሴባስቶፖል አሁንም አለ። መነሻው በተንታ በኩል ነው፤ ከዚያ በእግር ወይም በበቅሎ ብዙ ሰዓት ይኬዳል። አንድ ሌሊት ተንታ ማደር ግድ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ፣ ውኃ ሁሉ ከታች ይያዛል። ሙዚየም አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ የምታገኙት ገደሉንና ንፋሱን ነው። ለእኔ ይበቃኛል፤ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን አልመክርም።

ሰባተኛ፦ ላሊበላ

ከወልዲያ ወደ ምዕራብ በድልብ ዳገት ወጥታችሁ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ትታጠፋላችሁ፤ ከጋሸና ላሊበላ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በሹፌራችሁ ምክር ሌላ መንገድም ሊኖር ይችላል።

ዓርብ ጠዋት ትኬት ከመድኃኔ ዓለም መግቢያ አጠገብ ካለው ቢሮ ይቆረጣል። አስጎብኚ ያዙ፣ መታወቂያውን አይታችሁ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ አስጎብኚ ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው መተላለፊያው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዞራል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው፣ ከላይ ወደ ታች። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ይያያዛሉ፤ በዩኔስኮ የተመዘገቡት እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ነው።

ጠዋት የመጀመሪያውን ምድብ እዩ፦ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ጎልጎታና ሚካኤል። መድኃኔ ዓለም በትልቅነቱ ያስደንቃል፤ 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እኔ ግን ጊዜ የምወስደው ቤተ ማርያም ውስጥ ነው። ጣሪያውን፣ ቅስቶቹን፣ ዓምዶቹን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ባትሪ እዚህ ይጠቅማል። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። በበርካታዎቹ ላይ የተዘረጋው ትልቅ ጣሪያ ዝናብ እንዲከላከል የተተከለ ነው፤ ለፎቶ አያምርም፣ ማማረር ግን ከዚያ አይበልጥም።

ቀትር ላይ ይዘጋል። ምሳ ብሉ፣ ጥቂት ተኙ። በሁዳዴ ከመጣችሁ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን የጉብኝት ሰዓቱ ይቀያየራል፤ አስጎብኚውን በዋዜማው ጠይቁት።

ከሰዓት ዮርዳኖስ ከተባለው ቦይ ማዶ ያለው ሁለተኛው ምድብ ነው፦ ገብርኤልና ሩፋኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አማኑኤል፣ አባ ሊባኖስ። እዚህ ጨለማ መተላለፊያ አለ። ባህሉ ያለ መብራት ማለፍ ነው፤ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ራስ ዝቅ። ጨለማ የሚያስጨንቀው ሰው ስልኩን ያብራ፣ ማንም አይታዘበውም።

ቤተ ጊዮርጊስን መጨረሻ አድርጉ። ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ቀዩ ድንጋይ ቀለሙ ይበራል፤ ቀትር ላይ ጥላና ብርሃኑ ይጋጫል። መጀመሪያ ከላይ ከአፋፉ እዩት፣ ከዚያ በመተላለፊያው ውረዱ። አፋፉ አጥር የለውም፤ ፎቶ እያነሱ ወደ ኋላ መራመድ አይቻልም።

ጫማ ጠባቂዎች ይከተሏችኋል። ለሙሉ ቀኑ አንድ ሰው ያዙና በመጨረሻ ክፈሉት። ደብተርና ኳስ ግዛልኝ ለሚል ልጅ መንገድ ላይ ገንዘብ አትስጡ፤ መርዳት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ለመምህሩ ስጡ።

በገና የመጣ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። አልጋ ከወራት በፊት ይያዛል። ዋዜማውን ሌሊት ሁሉ ከሕዝቡ ጋር ማደር ነው፤ ጠዋት በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ያዜማሉ፣ ከታችም ከላይም ይቀባበላሉ። ቦታ ለማግኘት ሳይነጋ መቆም አለባችሁ። ከቆማችሁ በኋላ መውጣት አይቻልምና ልጅ ያላችሁ ዳር ያዙ።

ዙሪያው

ቅዳሜ ጠዋት ገበያውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩና ከከተማ ውጡ። አንድ ብቻ የምትመርጡ ከሆነ ይምርሐነ ክርስቶስን ምረጡ፤ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ይቀድማል። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርብ እየተነባበረ በአክሱም አሠራር ተሠርቷል፤ ከጀርባው የብዙ ሰዎች አፅም አለ፣ ልጆች ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በመንገዱ ቢልባላ ጊዮርጊስ አለ፤ ንብ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ሰፍራለች፣ ማሩ ለፈውስ ይሰጣል።

እግረኛ የሆነ ሰው አሸተን ማርያም ይውጣ። ሁለት ሰዓት ገደማ ዳገት ነው፣ በቅሎ ይገኛል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ማደርና ልብስ ይጠይቃል፤ ጭላዳና፣ እድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮ፣ እዚያ ናቸው።

ነአኩቶ ለአብን ለመመለሻ ቀን አስቀምጡት። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ 7 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በመኪና የምትመለሱ በመጣችሁበት መመለስ ግድ የለባችሁም፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር መውጣት ይቻላል።

የላስታን ነጭ ማር ሳትገዙ አትውጡ፤ ከገበያው ይልቅ አስጎብኚው ከሚያውቀው ገበሬ ቤት ብትገዙ ይሻላል፣ በስኳር የተቀላቀለ አለና። ክዳኑን በፌስታል አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። በእጅ ይዛችሁ ልትገቡ ካላችሁ ፍተሻው ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል።